«ጅብ መጣልህ!» ከማለታችን በፊት

ልጆቻችንንና የከተማችንን የዱር እንስሳት ስለ ማስተዋወቅ

ጊዜው ከዐስር ሶላት በኋላ ነበር። ከመስጂድ ተመልሼ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ግቢያችን ስገባ የስድስት ዓመት ልጄን ከሁለት የጎረቤት ልጆች ጋር ከውሃው ታንከር ሥር ተሰብስበው አገኘኋቸው። ልጄ በሁለት እጆቹ የርግብ ጫጩት ይዟል። ላባው ገና አልሞላም፤ አንገቱን ቀና ማድረግ እንኳ ተስኖታል። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር የነበረውን ጎጆ በድንጋይ መትተው አውርደውታል። ሌላው ጫጩት መሬት ላይ ወድቆ ሞቷል። እናቲቱ ከጣሪያው ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦው፣ ከሽቦው ወደ ጣሪያው ትመላለሳለች፤ አንድ ቦታ ላይ ማረፍ አልቻለችም።

እጄን ለቁጣ አነሣሁ። ልጄ ግን ቀና ብሎ አየኝና፣ «አባዬ፣ ባለፈው ቁራውን ስንወግረው አንተ ስትስቅ አልነበር?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከሳምንት በፊት በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጣሁ ልጆቹ አንድ ቁራ በድንጋይ ሲያሳድዱ ተመልክቼ «ዒላማችሁ ደህና ነው!» ብዬ ስቄያለሁ። እጄን መለስኩ። በዚያች ቅጽበት ትዝ ያለኝ አቡ ዳውድ የዘገቡት ሐዲስ ነበር። ሶሐቦች በጉዞ ላይ ሳሉ የአንዲት ትንሽ ወፍ ሁለት ጫጩቶችን ወሰዱ፤ ወፊቱ ክንፏን እያራገበች መጣች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲመለከቱ በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ጫጩቶቿንም እንዲመልሱላት አዘዙ። ሐዲሱን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በገዛ ግቢዬ ይፈጸማል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

መሰላል አምጥተን የፈረሰውን ጎጆ በትንሽ ካርቶን ጠግነን፣ በሕይወት የተረፈውን ጫጩት መለስነው። አንዲት ጎረቤታችን «የሰው እጅ ስለነካው እናቱ አትቀበለውም» ብለው ነበር። ይህ በብዙ ሰው ዘንድ የሚነገር ቢሆንም ትክክል አይደለም። አብዛኞቹ ወፎች የሰው እጅ ስለነካው ብቻ ልጃቸውን አይጥሉም። ርቀን ቆመን ጠበቅን። መግሪብ ከመድረሱ በፊት እናቲቱ ተመልሳ ጎጆዋ ላይ አረፈች። የሞተውን ልጄ ራሱ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ሲቀብረው አላለቀሰም፤ ያን ማታ ግን እራቱን አልበላም።

ሳናውቀው የምናስተምረው ትምህርት

ልጁ ከተኛ በኋላ ራሴን መጠየቅ ጀመርኩ። ይህ ሕፃን ስለ እንስሳት ከእኔ የተማረው ምንድን ነው? አልተኛም ሲል «ጅብ መጣልህ!» እንለዋለን። እባብ ቢሆን ባይሆን «ግደለው!» እንላለን። ጉጉት ስትጮኽ «ሟርተኛ!» ብለን እንረግማለን። ቁራውን በድንጋይ ሲያባርር እንስቃለን። በሌላ በኩል ደግሞ ከመጽሐፍ ላይ አንበሳና ዝሆን እናሳየዋለን፤ ሕፃኑም «የዱር እንስሳ» ማለት ሩቅ አገር፣ ጫካ ውስጥ ያለ ነገር ብቻ ይመስለዋል። ከራሱ ጣሪያ ሥር ጎጆ የሠራችው ርግብ የዱር ፍጥረት መሆኗን፣ ልጆች እንዳሏትና ሥራ እንዳላት የነገረው የለም።

አንድ ልጅ የማያውቀውን ፍጥረት አንድም ይፈራዋል፣ አንድም ይወግረዋል። ብዙውን ጊዜም ሁለቱን በአንድነት ያደርጋል። መድኃኒቱ ማሳወቅ ነው። ይህ ደግሞ ለእኛ ለሙስሊም ቤተሰቦች እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። በሱረቱል አንዓም 38ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) በምድር የሚሄዱ እንስሳትና በክንፋቸው የሚበሩ አእዋፍ እንደ እኛ ያሉ ሕዝቦች መሆናቸውን ነግሮናል። ልጆቻችን በመድረሳ ሱረቱል ፊልን በቃላቸው ይይዛሉ፤ የዝሆን ስም ያለባት ሱራ ናት። ከፍ ሲሉ በንብ፣ በጉንዳንና በሸረሪት ስም የተሰየሙ ሱራዎችን ያገኛሉ። ታዲያ ስሙን የሚቀራ ልጅ ፍጥረቱን በግቢው ሲያገኘው በድንጋይ መቀበሉ ተገቢ ነውን?

ጎረቤቶቻችን እነማን ናቸው?

በማግሥቱ ያቺን ርግብ ከልጄ ጋር ተቀምጠን በደንብ አየናት። ጥቁር ግራጫ ላባ አላት፤ ከማጅራቷ ላይ ነጭ ቀለበት የመሰለ ምልክት ይታያል። ይህች ርግብ በኢትዮጵያና በኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ የምትገኝ ናት። በሌላው ዓለም ዞረው ቢፈልጓት አትገኝም። ገደል ላይ መኖር የለመደች ስለሆነች የከተማ ሕንፃና ጣሪያ እንደ ገደል ይሆንላታል። ልጄ ይህን ሲሰማ፣ «እንግዲያው እኛ የመታነው የአገራችንን ብቻ ነው?» አለኝ። አዎን አልኩት።

ከዚያ ወዲህ የከተማችንን ፍጥረታት አንድ በአንድ መቁጠር ጀመርን። አፈ ወፍራሙና ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ትልቁ ቁራ፣ ያ እኔ የሳቅሁበት፣ እርሱም መኖሪያው የእኛው የአፍሪቃ ቀንድ ብቻ ነው። ማለዳ በመንጋ ሆና እየጮኸች የምታልፈው፣ ወደ ታች የታጠፈ ረጅም አፍ ያላት ጋጋኖም እንዲሁ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አትገኝም። መንደሩ ሲታረድ ከሰማይ ወርዳ ሥጋ የምትነጥቀው ጭልፊት አለች። አመሻሽ ላይ የምትወጣው የሌሊት ወፍ አለች፤ እርሷ በስሟ «ወፍ» ብትባልም ልጆቿን የምታጠባ እንስሳ ናት። ትናንሾቹ የሌሊት ወፎች በጨለማ የሚሄዱት የራሳቸውን ድምፅ ማሚቶ እያዳመጡ ነው፤ በአንዲት ሌሊትም ብዙ ትንኝና ነፍሳት ይለቅማሉ።

ሐዋሳ ያሉ ዘመዶቻችንን ስንጠይቅ ደግሞ ከሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ አባ ኮዳን አየን። የዓሣ አንጀትና ትራፊ እየጠበቀ፣ እንደ ሽማግሌ ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ ይቆማል። ከዛፎቹ ላይ ጉሬዛዎች ነበሩ። ጉሬዛ በአብዛኛው ቅጠል በል ነው፤ ሆዱም ቅጠልን አብላልቶ ለመፍጨት የተዘጋጀ ነው። ሰዎች ዳቦና ብስኩት ሲወረውሩለት ልጆች ይደሰታሉ፤ ለእንስሳው ግን ጉዳት ነው። ከሰው እጅ መቀበል የለመደ ጦጣም ቆይቶ መንጠቅ፣ ሲከለከልም መንከስ ይጀምራል። ጥፋቱ ከዚያ በኋላ በጦጣው ይላከካል እንጂ ያስለመደውን ሰው የሚጠይቅ የለም።

ጅብና የሐረር ግንብ

አሁን ወደ ጅብ እንመለስ፤ ልጆቻችንን የምናስፈራራበት እርሱ ነውና።

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታጠረው የሐረር ጀጎል ግንብ በሮቹ ለሰው የተሠሩ ናቸው። ከግንቡ ሥር ግን ጠበብ ያሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ጅቦች ሌሊት በእነርሱ ገብተው ይወጣሉ። በሐረሪ ቋንቋ ጅብ «ወራባ» ይባላል። ወራባ ሌሊት በጠባቦቹ መንገዶች እየዞረ የተጣለውን አጥንትና ትራፊ ያነሣል፤ የከተማዋ ሰውም በሩ ላይ ቢያገኘው አይደነግጥም። ከግንቡ ውጭ ደግሞ ምሽት ላይ ጅቦችን በየስማቸው እየጠሩ ሥጋ የሚያጎርሱ ሰዎች አሉ፤ ይህ የተጀመረው ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው። ከዚያ የሚቀድመው ልማድ በዓሹራ ዕለት ገንፎ በቅቤ ሠርቶ ለጅቦች ማቅረብ ነው። ስለ ልማዱ ሃይማኖታዊ ብያኔ መስጠት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ ያን ለዑለማዎቻችን እንተዋለን። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር፣ አንድ የሙስሊም ከተማ ከጅብ ጋር ለብዙ ዘመናት ተከባብሮ መኖሩ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል፣ ይህን ጉርብትና እንደያዘ ዛሬም አለ።

የጅብ ጥቅም በሐረር ብቻ የሚታይ አይደለም። በመቀሌ ዙሪያ የተካሄደና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ የአካባቢው ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ሬሳና ትራፊ ከምድረ ገጽ ያነሣሉ። ይህን በማድረጋቸውም ከአባ ሰንጋና ከከብት ሳንባ ነቀርሳ በዓመት አምስት ያህል ሰዎችን፣ 140 ያህል ከብት፣ በግና ፍየል እንደሚታደጉ ተመራማሪዎቹ አስልተዋል። ይህ የጽዳት ሥራ ደመወዝ የማይጠየቅበት ነው።

ለልጅ ሲነገር የሚያስደንቀው ሌላም አለ። ጅብ ውሻ ቢመስልም በዝምድና ወደ ድመት ወገን ይቀርባል። ከጅቦች መካከል ትልቋና አዛዧ ሴቷ ናት። አጥንት አድቅቆ ስለሚበላ ኩሱ ሲደርቅ ይነጣል። የሌሊት ጩኸቱም ቁጣ ሳይሆን ከጓደኞቹ ጋር የሚጠራራበት ቋንቋ ነው። ልጄ ስለ ነጩ ኩስ ስነግረው በሳቅ ፈረሰ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጅብ ለእርሱ የጨለማ ጭራቅ መሆኑ ቀረ።

አሞራዎች ሲጠፉ ምን ሆነ?

«አንድ ወፍ ብትጠፋ ምን ይጎድልብናል?» የሚል ይኖራል። መልሱን ከሕንድ እናገኛለን። በዚያች አገር የሞቱ ከብቶችን የሚያነሡት ጥንብ አንሣዎች ነበሩ። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋናዎቹ የጥንብ አንሣ ዝርያዎች ከመቶ ከ95 በላይ አለቁ። ለረጅም ጊዜ ምክንያቱ አልታወቀም ነበር። በኋላ ሲደረስበት፣ ለከብቶች ሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት በሬሳው ውስጥ ቀርቶ የወፎቹን ኩላሊት ይገድል እንደነበር ታወቀ። መንግሥት መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ በ2006 እ.ኤ.አ. ከለከለ። ነገር ግን እስከዚያው ድረስ ሬሳው ሜዳ ላይ ሲበሰብስ የባዘኑ ውሾች በዙ፤ ከውሾቹም ጋር የእብድ ውሻ በሽታ አደጋ ከፍ አለ።

በአዲስ አበባ ቄራ ዙሪያና በየቆሻሻ መጣያው የምናያቸው ጥንብ አንሣዎችም በብዛት የሚኖሩ ይመስሉናል። ዳሩ ግን ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ ዝርያዎች ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድበዋል። «ጥንብ አንሣ» የሚለውን ስም ለስድብ የምንጠቀምበት እኛ ነን። እስኪ ልጆቻችን «ጥንቡን ባያነሣ ማን ያነሣው ነበር?» ብለው እንዲጠይቁ እንርዳቸው።

በቤት ውስጥ እንዴት እናስተምር?

ለዚህ መጽሐፍም ሆነ ገንዘብ የግድ አያስፈልግም። እኛ ቤት ከተሞከረው ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት ጆሯቸውንና ዓይናቸውን ማስለመድ ይበቃል። ከሱብሒ ሶላት በኋላ መስኮት ከፍቶ «ስንት ዓይነት ድምፅ ሰማህ?» ማለት ነው። ስሙን ባያውቁት ራሳቸው ስም ያውጡለት። ታናሽ ልጄ ጋጋኖን «የምትስቀዋ» ትላታለች።

ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ያሉት መቁጠርና መሳል ይወዳሉ። የእኛው ልጅ ከቤት እስከ መድረሳ ባለው መንገድ ያያቸውን በአንድ አሮጌ ደብተር ይመዘግባል። ለእያንዳንዱም ሦስት ጥያቄ ይመልሳል፤ ምን ይበላል? የት ያድራል? የሚፈራው ማንን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው መልስ «ሰውን» የሚል ነው። ያንን ሳነብ ዛሬም ይሰማኛል።

ከዘጠኝ ዓመት በላይ ለሆኑት ምክንያቱን ማስረዳት ይቻላል። የቄራውን ጥንብ አንሣ፣ የሕንድን ታሪክ፣ ቆሻሻ በየሜዳው ስንጥል ጅብና ውሻን ወደ ደጃችን የምንጠራው እኛው መሆናችንን ይረዳሉ።

ከሁሉም በላይ ግን በፌዝም ሆነ በቁጣ ከአፋችን የሚወጣውን እንጠብቅ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዑመይር የተባለውን ትንሽ ልጅ ሲያገኙ ስለሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ይጠይቁት እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ያን ያህል ሥራ ያለባቸው ነቢይ ስለ አንድ ሕፃን ወፍ ለመጠየቅ ጊዜ ካገኙ፣ እኛ «ሥራ አለብኝ» ለማለት ምን ምክንያት አለን?

ርኅራኄ ከጥንቃቄ ጋር

ማወቅና መውደድ ማለት መንካት ማለት አይደለም። ጅብ ሰው የነከሰበት፣ ሕፃንም የወሰደበት ጊዜ አለ፤ ይህን ከልጆች መደበቅ ተገቢ አይሆንም። ስለዚህ እኛ ቤት የሚከተሉት ደንቦች አሉ።

አንደኛ፣ የዱር እንስሳ በዓይን እንጂ በእጅ አይታይም። በተለይ መሬት ላይ የወደቀች የሌሊት ወፍ፣ የታመመ ወይም እንግዳ ጠባይ የሚያሳይ ውሻ፣ ቀበሮና ጦጣ አይነኩም፤ ለትልቅ ሰው ይነገራል።

ሁለተኛ፣ ምግብ አይወረወርም። ትራፊና አጥንት በተከደነ ዕቃ ይቀመጣል።

ሦስተኛ፣ ሕፃናት ከመሸ በኋላ ብቻቸውን አይወጡም። ጅብ ቢያጋጥም ጀርባ ሰጥቶ መሮጥ አይገባም፤ ፊትን ወደ እርሱ አድርጎ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ ቀስ እያሉ መራቅ ነው።

አራተኛ፣ እንስሳ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ልጁ እንደማይቀጣ አስቀድሞ ይነገረው። ብዙ ልጆች ቁጣ ፈርተው ይደብቃሉ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳን የለም ለማለት ይቻላል። ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ክትባቱን ለማግኘት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

የሱሑር ሰዓት እንግዳ

ባለፈው ረመዷን አንድ ሌሊት ለሱሑር ተነሥተን ሳለ ከወንዙ በኩል ጅብ ጮኸ። ልጄ ድሮ ቢሆን ከእናቱ ነጠላ ሥር ይገባ ነበር። ያን ሌሊት ግን ቴምሩን እንደያዘ ጆሮውን ቀና አደረገና፣ «አባዬ፣ ሥራ ገብቷል» አለ። እናቱ ሳቀች። ታናሽ እህቱ ግን ስለፈራች ወደ እርሱ ተጠጋች። እርሱም «አይዞሽ፣ በሩ ተዘግቷል፤ ጓደኞቹን እየጠራ ነው» ብሎ አረጋጋት። እኔ ያላስተማርኩትን ማጽናናት እርሱ ጨምሮበታል።

ርግቧም ከጣሪያችን ሥር አልለቀቀችም። ያ የተረፈው ጫጩት ላባው ሞልቶ በሯል። ጠርዙ ላይ ዛሬም ጎጆ አለ፤ የጎረቤት ልጆች መጥተው ወደዚያ ሲያንጋጥጡ የሚቆጣጠራቸው ልጄ ነው። የሞተው ግን አልተመለሰም፤ ልጄም አልረሳውም። የቀበረበትን ቦታ ድንጋይ አድርጎበታል። ለመወርወር አንሥቶት የነበረው ድንጋይ ነው።

ውድ ወላጆች፣ ነገ ጠዋት ልጃችሁን ይዛችሁ ወደ ደጅ ስትወጡ ለአንድ አፍታ ቀና በሉ። ከጣሪያችሁ ላይ አንድ ሕዝብ ታገኛላችሁ። ልጁ ጉርብትናን የሚማረው ከእናንተ ፊት ነው። አላህ ለፍጥረቱ የሚራሩ ልጆችን ይስጠን።